የእትዬ ፒና ባቄላ

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ፣ ከፍርድ ቤቱ ወረድ ብሎ ካለው የታክሲ መያዣ አጠገብ አንዲት ሴት ከሰል ላይ ኦቾሎኒ ትቆላ ነበር። ከጎኗ ካርቶን ላይ ሎሚ የደረደረ ሰውዬ አንዱን በጥፍሩ ጫር አደረገና "አሽትቺው፣ ዛሬ የገባ ነው" ብሎ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋልኝ። ያን ጊዜ ሁለቱ ሽታዎች ተገናኙ፤ ገለባው ጠቆር ማለት የጀመረ ኦቾሎኒና የሎሚ ልጣጭ። እግሬ ቆመ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው እያለፈኝ ገባ። ረዳቱ "እናት፣ ትገቢያለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?" ሲል ይሰማኛል፤ ልቤ ግን ሌላ ቦታ ሄዷል።

"የስንት ልስፈርልሽ?" አለችኝ ኦቾሎኒ ሻጯ።

"ሁሉንም" አልኳት ሳላስበው።

ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ሎሚ ጨመርኩበትና ታክሲውን ትቼ በእግሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ያ ሽታ የእትዬ ፒና ሽታ ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ በቆመበት ቦታ ላይ ያኔ ግቢያችን ነበር። አንድ የቆርቆሮ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ ግራና ቀኝ ትከሻ ለትከሻ የተደጋገፉ የቀበሌ ጭቃ ቤቶች። ጠዋት ጠዋት ከቢጫው ጀሪካን ሰልፍ ጋር ወሬው ይሰለፋል፤ ከሰዓት በኋላ የአንዱ ቤት ቴፕ ለሁላችንም ይዘፍናል። የእትዬ ፒና ቤት ከግቢው ጥግ፣ ከትልቁ የኮክ ዛፍ ስር ያለችው ነበረች። ከእኛ ቤቶች የምትለየው በመስኮቷ ነው። የእኛ መስኮት የእንጨት ክዳን ብቻ ሲሆን የእሳቸው ግን ባለመስታወት ነው፤ ከስሩም ድስት የሚቀመጥባት ሰፊ ደፍ አለችው።

ስማቸው ሲጠራ ሙሉው ጁሴፒና ነው፤ ግን ማን ያን ሁሉ ይጠራል። አባታቸው ሙሴ ቤርቶ ጣሊያን ነበር፤ መካኒክ። የአገሩ ጦር ተሸንፎ ሲወጣ እሱ አልወጣም፤ ሰንጋ ተራ አካባቢ ጋራዥ ከፍቶ፣ ጉራጌ አገር ተወልዳ ካቶሊክ ሆና ያደገች ሴት አግብቶ እዚሁ ቀረ። እትዬ ፒና የሁለቱ ልጅ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊታቸው ላይ ጤፍ የተበተነ የሚመስል ነጠብጣብ ያለባቸው ሴት። ነጠላቸውን አጣፍተው ከላዩ ባለሁለት ኪስ ሽርጥ ያስራሉ። በአማርኛ ይቆጣሉ፣ በጉራጊኛ ይጸልያሉ፤ ጣሊያንኛ የሚናገሩት ምድጃው ጣታቸውን ሲያቃጥላቸው ብቻ ነው።

ምድጃው ራሱ ታሪክ ነበር። ሙሴ ቤርቶ የዘይት በርሜል ቆርጦ፣ የአሮጌ መኪና በር ማጠፊያ ገጥሞለት፣ በቡሎን አጥብቆ የሠራው ነው። ሲከፈት እንደ መኪና በር ይንሿጠጣል። በጥቅምት መጨረሻ ያን ድምፅ ስንሰማ እኛ ልጆች እየተጠራራን ኮኩ ስር እንኮለኮላለን፤ እትዬ ፒና ኦቾሎኒ ሲቆሉ አባታቸውን ያወራሉና።

የአባታቸው አገር ተራራ ነው ይሉን ነበር። ተራራው ከታች እስከ ላይ ካስታኛ የሚባል ዛፍ ለብሷል። ፍሬው ከውጭ እሾሃም ልብስ አለው፤ ከፍተህ ስታየው ግን የተወለወለ ጫማ ይመስላል። እዚያ አገር ብርዱ ሳይጠና፣ እንደኛ የእሸት ወራት፣ ሰው ሁሉ ቅርጫት ይዞ ጫካ ይገባል። ካስታኛውን ለቅሞ በተበሳሳ መጥበሻ ይጠብሰዋል፤ አዲሱ ወይን ጠጅ በዚያው ሰሞን ይቀመሳል፤ በሌላ በኩል ለውዙ፣ እኛ ለውዝ የምንለው ኦቾሎኒ ሳይሆን ዛፍ ላይ የሚያፈራው፣ ጠንካራው ፍሬ ሁሉ በድንጋይ ይሰበራል። የተረፈው ካስታኛ ተፈጭቶ የብርዱን ወራት ሙሉ ቂጣ ይሆናል።

"ስኳር የለው፣ እርሾ የለው" ይላሉ እትዬ ፒና፤ "ግን ይጣፍጣል ይል ነበር አባቴ።"

"እርስዎ ቀምሰውታል?" ስንላቸው፣ "የት አግኝቼ?" ይላሉ። "አባቴ ከዚህ አገር ምግብ ወደሱ የሚጠጋው በረመጥ የተጠበሰ ስኳር ድንች ነው ብሎኛል። ስለዚህ ስኳር ድንች እጠብሳለሁ።"

መኸሩ ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ የሙታን ቀን አላቸው። የዚያን ቀን ማታ ለሞተባቸው ሰው ምግብ ያስቀምጡለታል። የተቀቀለ ባቄላ፣ ካስታኛ፣ ደግሞም ከዚያ ከዛፉ ለውዝ የሚሠራ ባቄላ የሚመስል ጣፋጭ ብስኩት። ሙሴ ቤርቶ እዚህ አገር ያ ለውዝ ሲጠፋበት ኦቾሎኒ አደረገው። እትዬ ፒናም ከሱ በተማሩት መንገድ ኦቾሎኒውን ቆልተው፣ ገለባውን እፍ ብለው፣ በሙቀጫ ይወቅጡታል። ስኳር፣ የእንቁላል ነጩን፣ ከሎሚው ልጣጭ ትንሽ ፈቅፍቀው፣ ጠብታ አረቄ ይጨምሩና ያሹታል። ከዚያ በጣታቸው እየቆነጠሩ ያድቦለቡሉና መሃሉን በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል። ባቄላ ሆነ ማለት ነው፤ ወደ ምድጃው ይገባል።

ምሽት ላይ ዳንቴል አንጥፈው፣ ባቄላውን ሁለቱንም ዓይነት፣ ስኳር ድንቹንና አንድ ብርጭቆ ብርዝ መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጣሉ። ጠዋት ያንኑ ከሌላው ጋር ቀላቅለው፣ በየሳህኑ ደልድለው፣ ለግቢው ቤት ሁሉ ይልካሉ። "ሙታን ሽታውን ብቻ ነው የሚበሉት" ይሉናል፤ "ጣዕሙን ለናንተ ትተው ነው የሚሄዱት።"

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጉዱን ያመጣችው ይህች መስኮት ላይ ያደረች ሳህን ናት።

እማማ ተዋበች የሴቶች እድር ሰብሳቢ ነበሩ። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ከወገባቸው አይለይም፤ ሲራመዱ ይሰማሉ። ጿሚ፣ ቆራቢ፣ ቃላቸው በግቢው ውስጥ ሕግ። እሳቸው ናቸው "ለማይታይ የተዘረጋ ገበታ ለልጅ አይሰጥም" ያሉት። ዛርም ይሁን ሌላ፣ ሌሊቱን ማን እንደቀመሰው አይታወቅም፤ የክርስቲያን ልጅ ትራፊውን አይበላም። ታዲያ ለእትዬ ፒና ይህን ፊት ለፊት የሚናገር ማን ነው? የታመመ ሲኖር ቀድመው የሚደርሱ፣ ለወላድ አጥሚት ይዘው የሚመጡ ሴት ናቸው። ስለዚህ ሁሉም ሳህኑን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልን" ብሎ፣ ዞር ሲሉ ለእማማ ተዋበች ዶሮዎች ያፈስላቸዋል። ሳህኑ ደግሞ ባዶውን አይመለስምና፣ ታጥቦ ቆሎ ወይ ብርቱካን ተደርጎበት ይመለሳል። እትዬ ፒናም የተመለሰውን ቆሎ እየቆረጠሙ፣ ባቄላቸው እንደተወደደ እያመኑ ዓመት አልፎ ዓመት ይተካል። ዶሮዎቹ በጥቅምት ላባቸው ያበራ ነበር።

የሚያሳዝነው ደግሞ ወሩ የጽጌ ጾም የሚጾምበት ስለሆነ፣ ለእማማ ተዋበች የሚሄደውን እትዬ ፒና ለብቻ ያለ እንቁላል፣ በማር ነበር የሚሠሩት።

እኔ አንድ ጊዜ ዶሮዎቹን ቀደምኳቸው። ውጪው ስስ ቅርፊት አለው፤ ጥርስ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል፤ ውስጡ ለስላሳ ነው። መጀመሪያ ኦቾሎኒው፣ ቀጥሎ ሎሚው፣ ከዋጡት በኋላ ደግሞ ያች የአረቄ ጠብታ ከየት መጣች ሳይባል ጉሮሮ ላይ ትሞቃለች። ያን ዕለት ማታ ዛሩ መቼ ይይዘኝ ይሆን እያልኩ ተከናንቤ ስጠብቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እትዬ ፒና ያወቁት በአንድ ጠዋት ነው። እኔ ቧንቧው ጋ ውኃ እየቀዳሁ ነበር። ቆሎ የመጣበትን የእማማ ተዋበችን ጎድጓዳ ሳህን ሊመልሱ ወደ እማማ ቤት ሲሄዱ በሩ ገርበብ ብሏል። በበሩ አጠገብ በተሰበረ ገል ውስጥ ዶሮዎቹ ባቄላውን ይሻማሉ። እትዬ ፒና ቆመው አዩ። አንዱ ዶሮ የጣለውን ብስኩት ጎንበስ ብለው አነሱ፤ በሽርጣቸው ጠረጉና ኪሳቸው ከተቱት። ሳህኑን ደረጃው ላይ አስቀመጡ። ሲመለሱ አዩኝ። "ጀሪካንሽ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው፣ የኔ ልጅ" አሉኝ።

በዚያው ዓመት አባቴ አስፋው ታሞ በክረምቱ አረፈ። አናጢ ነበር፤ ከጆሮው ጀርባ እርሳስ የማይጠፋ፣ ፀጥተኛ ሰው። ለቅሶው ተለቀሰ፣ ድንኳኑ ተነሳ፣ አርባውም ወጣ። እናቴ በጥቁር ልብሷ ውስጥ እያነሰች ሄደች። ጥቅምት መጣ፤ የበርሜሉ ምድጃ በር ግን አልተንሿጠጠም። የግቢው ሰው ሁሉ ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ አንድም ሰው አያነሳውም። እማማ ተዋበች እንኳ በእትዬ ፒና በር ሲያልፉ ቁልፋቸውን በእጃቸው ያፍኑት ነበር።

በመጨረሻ የሄደችው እናቴ ናት። እኔ ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። እትዬ ፒና በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ።

"እትዬ ፒና፣ ዘንድሮ ሽታው ጠፋብኝ" አለች።

"የምን ሽታ?"

"የባቄላዎ።"

"ለማን ብዬ ልሥራ? ለተዋበች ዶሮዎች?"

እናቴ አንገቷን ደፋች። "የኔንም ድርሻ የበሉት እነሱ ናቸው" አለች።

እትዬ ፒና ጎመኑን መቀንጠስ ቀጠሉ። እናቴ አልሄደችም። "ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ገባ" አለች። "ተዝካሩንም አበላሁለት። ቤቱ ግን ጭር ብሎብኛል። የርስዎ አባት በየዓመቱ ይመጣሉ ይሉ ነበር። የኔው በምን ያንሳል?"

እትዬ ፒና ያን ጊዜ ቀና አሉ። ከዚያ፣ "አስፋው ምን ይወድ ነበር?" አሏት።

እናቴ ፈነዳች። ከለቅሶው ወዲህ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም። በኋላ ሳድግ ነው የገባኝ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ሁሉ ምን ገደለው ብሎ ነበር የሚጠይቃት። ምን ይወድ ነበር ያላት አንድም አልነበረም።

"ትኩስ ፉርኖ" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። "በቃሪያ። ቃሪያውን መሃሉ ይሰነቅረዋል፤ ከዚያ ያቃጥለዋል፤ ከዚያ እኔን ይቆጣኛል።"

"በይ ሙቀጫውን አምጪው" አሉ እትዬ ፒና።

ኮኩ ስር እናቴ ስትወቅጥ፣ እትዬ ፒና ሎሚ ሲፈቀፍቁ፣ ቁልፉ እየተንኳኳ መጣ። እማማ ተዋበች ከፊታችን ቆሙ።

"አንቺ ደግሞ ምን መሆንሽ ነው?" አሏት እናቴን። "ሐዘንተኛ ናት ብለን ዝም ብንል…"

"ተዝካር ነው፣ እማማ።"

"ተዝካር በቄስ ነው።"

"በቄሱም አድርጌያለሁ። ይሄ በሙቀጫው ነው።"

እማማ ተዋበች ወደ እትዬ ፒና ዞሩ፤ እትዬ ፒና ሎሚያቸውን ብቻ ያያሉ። እማማ ነጠላቸውን ጠቅለል አድርገው ሄዱ። እኛም አለቀልን፣ ነገ እድር ይጠራብናል አልን።

ፀሐይ ስትጠልቅ መስኮቱ ላይ ዳንቴሉ ተነጠፈ። ለሙሴ ቤርቶ የተለመደው ተቀመጠ። አጠገቡ የአባቴ ፉርኖ፣ ቃሪያው ጫፉን ብቅ አድርጎ። ያን ጊዜ ነው እማማ ተዋበች የተመለሱት። ቁልፉ አልተሰማም፤ ፈተውት መጥተዋል። ከደጃፉ አላለፉም።

"ፒና" አሉ።

"አቤት።"

"የት እንደወደቀ ያልታወቀም ይመጣል?"

ልጃቸውን ማለታቸው ነው። ለውትድርና ሄዶ ሳይመለስ ቀርቷል። ሬሳው አልመጣ፣ መቃብሩ አልታወቀ። እማማ ተዋበች ስለሱ ሲያወሩ ሰምተን አናውቅም ነበር።

እትዬ ፒና እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። "አባቴ እናቱ ስትቀበር አልነበረም፤ የት እንዳስቀመጧትም አላየ" አሉ። "በየዓመቱ ግን ሳህን ያስቀምጥላት ነበር።"

"ትመጣለች ታዲያ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። እሱ ግን በማግስቱ ደስ ብሎት ነበር የሚነሳው።"

እማማ ተዋበች የበሩን መቃን ያዙ። እትዬ ፒና ቀስ ብለው፣ "ምን ይወድ ነበር?" አሏቸው።

"ስኳር። ደረቅ ስኳር። ከጣሳው እየሰረቀ… መታሁት እኮ። ለስኳር ብዬ መታሁት።"

እትዬ ፒና ጣሳቸውን አወረዱ። የሲኒ ማስቀመጫ ላይ ስኳር ቆልለው፣ ለእማማ ተዋበች ሰጧቸው። እማማ ተዋበች ደጃፉን አልፈው ገቡና በገዛ እጃቸው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት።

በማግስቱ ጠዋት ከየቤቱ ሰው መጣ፤ ማን እንደጠራው እንጃ። የተቀቀለው ባቄላ፣ ስኳር ድንቹ፣ የኦቾሎኒው ባቄላ ኮኩ ስር ተዘረጋ። እማማ ተዋበች አንዱን አንስተው በዓይናቸው መረመሩት።

"እንቁላል አለው?"

"ላንቺ የሚሠራው መቼም ኖሮት አያውቅም።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት?"

"ይሄን ሁሉ ዓመት።"

እማማ ተዋበች ጎረሱ። አኘኩ፤ ዋጡ። "እንግዲያው ጽጌን ሲጾሙ የኖሩት ዶሮዎቼ ናቸው" አሉ። እትዬ ፒና እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ የእትዬ ፒና መስኮት አልበቃ አለ። ጥቅምት በገባ ቁጥር አንዱ ለእናቱ፣ አንዷ ሳይጠመቅ ለሞተባት ልጇ፣ ሳህን እያመጡ ያስቀምጣሉ። እትዬ ፒናም ሁሉንም በተራ ያንኑ ይጠይቃሉ። አንድ ሟች ሽማግሌ ምን ይወድ እንደነበር ሲጠየቅ፣ የሚስቱ መልስ "ጭቅጭቅ" ነበር። እሱንም አስቀመጥንለት፤ ሁለት ሴቶች መስኮቱ አጠገብ ቆመው በሐሰት ተጨቃጨቁለት።

ሰፈሩ ሲፈርስ ዕጣው በታተነን። እትዬ ፒና እኛው ሕንፃ ላይ፣ ከኛ በታች ደረሳቸው። እማማ ተዋበች ከሴት ልጃቸው ጋር ጀሞ ሄዱ፤ በጥቅምት ግን በታክሲ ይመጣሉ። የበርሜሉ ምድጃ በደረጃው አልወጣ ብሎ ቀረ። እዚህ ከገባን በኋላ አንዲት መነኩሲት ከጣሊያን ስትመለስ ጭብጥ የማይሞላ ካስታኛ አመጣችላቸው። እንዳይፈነዳ ቆዳውን በቢላ ጫር ጫር አድርገው ጠበሱት፤ ለእያንዳንዳችን ቆረሱልን። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያኝኩት። እኛ ፊታቸውን እናያለን። ዕድሜ ልካቸውን ሲያወሩት የኖሩት ነገር ነው፤ ቢያሳፍራቸውስ?

"አባቴ አልዋሸኝም" አሉ በመጨረሻ። "ስኳር ድንች ነው።"

እትዬ ፒና በእርጅና፣ በሰላም አረፉ። ልጅ አልነበራቸውም። ከእሳቸው የቀረን ዕቃ ይኼ ነው የሚባል የለም። የቀረን ጥያቄያቸው ነው። ዛሬ እኛ ሕንፃ ላይ ለቅሶ ሲደረስ ሴቶቹ ከሐዘንተኛዋ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ እንባው ጋብ ሲል፣ "ምን ይወድ ነበር?" ይሏታል። አዲስ የገቡት ተከራዮች እንኳ ለምደውታል፤ ከማን እንደመጣ አያውቁም።

ባረፉ በመጀመሪያው ጥቅምት እኛ ቤት ተሰበሰብን። ባቄላውን የሠራሁት እኔ ነኝ። እናቴ ለአባቴ ፉርኖውን በቃሪያ አደረገች፤ እማማ ተዋበች ስኳራቸውን ቆለሉ። የእትዬ ፒና ሳህን ብቻ ባዶውን ቀረ።

"ፒና ምን ትወድ ነበር?" አሉ እማማ ተዋበች።

ተያየን። የስንቱን ሟች አምሮት የምናውቅ ሰዎች፣ የእሳቸውን አንድም ቀን አልጠየቅንም።

"ቆመው ሲበሉ ነው የማውቃቸው" አለች እናቴ። "እዚያው እሳቱ አጠገብ። ያረረውንና የተሰበረውን ይበላሉ። ደህናው ለሰው ነበር።"

እውነቷን ነው። እኔም ከትሪው ላይ የተሰባበረውን መልቀም ጀመርኩ። እማማ ተዋበች እጄን ያዙት።

"ተዪው" አሉኝ።

ዓይናቸው ደክሟል፤ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ አንዱን ትተው አንዱን እያነሱ፣ ያልተሰነጠቀውን፣ ያላረረውን መርጠው ሳህኑን ሞሉት። መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ዞሩና ወንበር ጎትተው ከሳህኑ ፊት አስጠጉ።

"ዛሬስ ደህናውን ትብላ" አሉ። "ተቀምጣ።"